ከሽማግሌው ፓምፕ ጀርባ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ማንሻ ሁለት የሚባለው የውሃ ጣቢያ ሦስት ሠራተኞች ይመሰጋገናሉ። ደንብ ነው። ሦስቱም በሩ ሥር ይቆማሉ። አንዱ የሌላውን ስም ጠርቶ ትናንት ስላደረገለት ነገር ያመሰግናል፤ ሲጨርስ ሦስት ሰከንድ ዝም ይባላል፤ ከዚያ ተረኛው ይቀጥላል። ሦስቱ ሰከንድ ሳይሞላ አፉን የከፈተ ሰው እንዳቋረጠ ይቆጠርበታል። ቆጣሪዋ እያንዳንዳቸው ደረት ላይ የተሰካች፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። በመዝገብ ስሟ ረጅም ነው፤ ሰው ግን ጆሮ ነው የሚላት። ጆሮ የሰማችው ሁሉ ተደምሮና ተቀንሶ ከበሩ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ያን ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳው "ኅብረት 97" ይላል።

"ጋሽ ኪሩቤልን አመሰግናለሁ" አለች ኦብሴ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ፤ "ትናንት መሰላሉን ስለያዙልኝ።"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ኦብሴን አመሰግናለሁ" አሉ መካኒኩ ጋሽ ኪሩቤል፤ "መሰላሉን በደንብ እንደያዝኩ ስለነገረችኝ።"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

የሽፍቱ አለቃ ሀሴት ሁለቱንም አመሰገነች። በምን እንዳመሰገነቻቸው ምሳ ሰዓት ላይ ቢጠይቋት አታስታውሰውም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ሀሴት የሚባል ስም የሕፃን ስም ነበር፤ አሁን ስሙ የአሮጊት ሆኗል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ዘርፌና አየለ እየተባሉ ይወጣሉ። የራሷም ልጅ ዘርፌ ናት። ሀሴት ሃያ አንድ ዓመት የሠራችው እዚሁ ዓባይ በረሃ ነው፤ ውሃው ከሸለቆው ሥር ተነስቶ አምስት ማንሻ ጣቢያዎች እየተቀባበሉት ወደ ከተማው በሚወጣበት መስመር ላይ። ከተማው ውስጥ አሥራ ሰባት ሚሊዮን ሰው አለ፤ ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን ሲታጠብ ስለ ኅብረት የሚያስብ አንድም የለም።

በዚያ ጠዋት ግን አራተኛ ሰው አብራቸው ቆማለች። ዶክተር ኤልሻዳይ ትባላለች፤ የቡድን ሥራን፣ ጽናትንና አመራርን ከሚያጠናው ተቋም ነው የመጣችው። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጫማዋ ለበረሃው የማይሆን።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ከዘጠና አምስት በታች ያልወረደ ቡድን በአገሩ ውስጥ እናንተ ብቻ ናችሁ" አለች። "የተቀዳውን ሁሉ አዳምጠን አንድ መንገድ ቀምረናል። የማንሻ ሁለት መንገድ ብለነዋል። ከስድስት ወር ወዲህ ሌሎቹ ጣቢያዎች ሁሉ በሱ ነው የሠለጠኑት።"

"የኛ መንገድ?" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። "ምን ይላል?"

"አለማቋረጥ። ማመስገን። 'ግን' አለማለት። ባልደረባን በሰው ፊት አለማረም።" ዶክተሯ ፈገግ አለች። "አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው ያስቸገረን። በየቀኑ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ጩኸት ብቻ ነው የተቀዳው። የማሽን ጩኸት ስለሆነ ከጥናቱ አውጥተን ጥለነዋል።"

ሦስት ሰከንድ አለፈ። ከዚያ ሌላ ሦስት። ኦብሴ ጫማዋን አየች፤ ጋሽ ኪሩቤል ጣሪያውን። ሀሴት "እሱስ ጩኸት አያጣንም" አለችና ወደ ሥራው መራቻቸው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ ውስጥ አራት ፓምፖች አሉ፤ ሦስቱ አዲስ ናቸው፣ እንደ ድመት ነው የሚያንኮራፉት። አራተኛው ሽማግሌው ይባላል። ዕድሜው ከጋሽ ኪሩቤል ይበልጣል፤ ሲዞር የሚያሰማው ጩኸት ጥርስ ያነቃንቃል። ሁለት ጊዜ የድምፅ ማፈኛ ተልኮለት ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ኪሩቤል "ልኩ አይደለም" ብለው መልሰውታል። ልኩ ነበር። ከሽማግሌው ጀርባ፣ በፓምፑና በግድግዳው መካከል፣ ሦስት ሰው የሚያቆም ቦታ አለ። እዚያ የገባ ሰው ጆሮ ለጆሮ ካልጮኸ አይሰማም፤ ደረት ላይ ያለችው ጆሮ ደግሞ ምንም አትሰማም። ቦታውን ችሎት ይሉታል።

ማንሻ ሁለት ውስጥ አንዲት ብሎን ከመፈታቷ በፊት ችሎት ትቀርባለች። አንዱ ሥራው ይሠራ ብሎ ይሟገታል፤ ሌላው አይሠራም ብሎ ይሟገታል፤ ሦስተኛው ይፈርዳል። የሚያምንበትም የማያምንበትም በተራው መሟገት አለበት። ጋሽ ኪሩቤል ናቸው ያመጡት፤ የድሮ ሰዎች ዛፍ ሥር ቆመው በላ ልበልሃ እያሉ እንዴት ይሟገቱ እንደነበር ከአያታቸው የሰሙትን። ነጠላ ማጣፋቱ ቀርቶ በቱታ ሆነ እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው። "ተጠየቅ!" ይባላል፤ "ልጠየቅ!" ይባላል፤ ከዚያ ስድብ ቀረሽ ክርክር ነው። የተረታ የምሳ ዕቃ ያጥባል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ተጨቃጭቀው አንዲት ጣት አልተቆረጠችባቸውም። ጭቅጭቁን እዚያ ጥለው ሲወጡ ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ ነው፣ ሰሌዳው ሥር ቆመው ያን ሁሉ ምስጋና ሳይተናነቃቸው የሚያወርዱት።

የኅብረቱ ቁጥር ቀልድ አይደለም። ሳምንት ሙሉ ከሰባ በታች የቆየ ቡድን ይበተናል፤ እያንዳንዱ ወደ ሌላ ጣቢያ ይላካል፤ ዳግም አብረው አይመደቡም። ከአርባ በታች የወረደ ደግሞ በዚያው ቀን ይበተናል፤ ለአንድ ደቂቃም ውሃ አያነሳም፤ ፓምፖቹ በራሳቸው ይቆማሉ። የተጣላ ሰው ማሽን አያሽከረክርም ነው ምክንያቱ። የእጅ ማቆሚያው ከተነቀለ ቆይቷል፤ አንድ የተናደደ ሰው መስመሩን እንዳያቆመው።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘርፌ ከማንሻ አራት ደወለች።

"እማ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። በላሽ?"

"በላሁ። ነገ አራት ሰዓት ላይ አዲሱን ቧንቧ በሙሉ ግፊት ልንሞክረው ነው። ማስተንፈሻው አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ!"

ማስተንፈሻ ማለት ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ ነው። እሱ አልከፈትም ካለ ቧንቧው ራሱ መውጫ ያበጃል።

"እንዴት ነው ማስተንፈሻው?" አለች ሀሴት።

"ጥሩ ነው። ረጋ ያለ ነው። ባለፈው ሳምንት ስንሞክረው አልተከፈተም፤ ማክሰኞም አልተከፈተም፤ ግ..." ቃሉን ዋጠችው። "ጥሩ ነው እማ።"

ሀሴት እጇ ላይ ያለውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰች።

"ለአለቃችሁ ነግረሻል?"

"እንዴት ብዬ? ዘጠና ዘጠኝ ላይ እኮ ነን። አለቃችን ደግሞ እንዴት ያለ ጥሩ ሰው መሰለሽ። ቫልቩን በገዛ እጁ የገጠመው እሱ ነው፤ በሰው ፊት ላሳፍረው?"

"ሌሎቹስ አላዩም?"

"ሁሉም አይቷል። ሁሉም ዝም ብሏል። እኔ ማን ነኝና ልናገር?"

"እንግዲያውስ ነገ እዚያ ቦታ እንዳትቆሚ!"

"እኔ ብለቅ አስቴር ናት የምትቆመው። አስቴር ትቁም?" የዘርፌ ድምፅ ዝቅ አለ። "ጆሮ እየሰማች ነው እማ። እወድሻለሁ። ቻው።"

ሀሴት ወዲያው ለማንሻ አራት መልእክት ጻፈች፦ "ነገ እንዳትሞክሩ! ማስተንፈሻው አይከፈትም፤ ሰው ትገድላላችሁ።" በጣቢያዎች መካከል የሚላክ ጽሑፍ ሁሉ ማለስለሻ በሚባል ነገር ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ሻካራ ቃል ካለበት እየላገ ያሳልፈዋል። የደረሰው ቅጂ ተመልሶ ታያት፦ "ውድ የማንሻ አራት ባልደረቦች፣ ለነገው ሙከራ መልካም ዕድል እንመኛለን። ለማስተንፈሻው ያላችሁን ትጋት እናደንቃለን።" አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፦ "እናመሰግናለን! እኛም እንወዳችኋለን።"

ወደ ዶክተሯ ሄደች። ዶክተሯ ጠረጴዛ ይዛ ስትጽፍ ነበር፤ ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጠቻት።

"ስጋትዎን እረዳለሁ ወይዘሮ ሀሴት። የስጋት ማቅረቢያ ቅጽ አለ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጣል።"

"ነገ አራት ሰዓት ነው የምልዎት እኮ።"

ዶክተሯ ሦስት ሰከንድ ጠበቀች። ፊቷ ትንሽ ተለዋወጠ፤ ሰው ናት፣ አልሰማችም አይባልም። "እኔ አጥኚ ነኝ። ማዘዝ አልችልም። ማንሻ አራት ዘጠና ዘጠኝ ላይ ያለ ቡድን ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን ይሳሳታል ብሎ የሚያምን ሰው አላገኝም። መስመሩ የሚሰማው ቁጥሩን ብቻ ነው።"

ስልክ ለቤተሰብ ብቻ ስለሚፈቀድ ለማንሻ አራት አለቃ መደወል አትችልም፤ በእግር እንዳትሄድ መንገዱ ከክረምቱ ናዳ ወዲህ ተቆርጧል፤ ሰው የሚመላለሰው ከላይ ሲታዘዝ በሚመጣው ማጓጓዣ ብቻ ነው። ያን ቀን ማታ ሀሴት አንድ ነገር ብቻ ስታመነዥክ አመሸች። መስመሩ የሚሰማው ቁጥሩን ብቻ ነው።

አርብ ጠዋት ተመሰጋገኑ። ሰሌዳው ያው 97 ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ከሽማግሌው ጀርባ ገቡ።

"ተጠየቁ!" ብላ ጮኸች ሀሴት።

"ልጠየቅ!" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። ከሳሽ እሷ፣ ተከሳሽ እሳቸው፣ ዳኛ ኦብሴ።

"አዳራሹ መሀል ወጥተን እንጣላ! ጆሮ እየሰማች! ቁጥሩ ከአርባ ከወረደ ፓምፖቹ ይቆማሉ፤ እኛ ከቆምን ማንሻ አራት ጋ ውሃ አይደርስም፤ ውሃ ከሌለ ሙከራ የለም። ደግሞ መስመር ከቆመ በኋላ ሳይነሳ በፊት ቫልቭ ሁሉ በእጅ ተከፍቶ ይታይ ይላል ደንቡ። ያዩታል!"

"አንቺስ ተጠየቂ!" ጋሽ ኪሩቤል አንገታቸውን አሰገጉ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሲሟገቱ ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይሆናሉ። "ዛሬ ማታ ሦስታችንን በሦስት በኩል ይበትኑናል። ችሎቱ ፈረሰ ማለት ነው። በኛ ቦታ ሦስት ጨዋ ይመጣል፤ 'ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም' እያለ። ዝንብ አይገባም፣ እንጀራም አይገባም! እነዚያ ሦስቱ አንድ ቀን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲያልቁ ደማቸው በማን እጅ ነው?"

"የነገው የነገ ነው። የዛሬዋ ልጄ ናት!"

"ልጅሽ ባትሆን ይህን ታደርጊ ነበር?"

ችሎት ውስጥ አይዋሽም።

"አላደርግም ነበር" አለች። "ቅጹን ሞልቼ ቁጭ እል ነበር። ልጄ ስለሆነች ነው ጋሼ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ጋሽ ኪሩቤል ትክ ብለው አዩዋት። ኦብሴ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ እጇን አነሳች። "ፈርጃለሁ! እንጣላለን!"

"ተረታሁ" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። "የምሳ ዕቃውን ማን እንደሚያጥበው እንጃ እንጂ።"

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ላይ አዳራሹ መሀል ቆሙ። ዶክተሯ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ኦብሴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ጋሽ ኪሩቤል! እርስዎ ሰነፍ ነዎት!"

"አንቺ ደግሞ ቀጣፊ!"

"መሰላሉን በደንብ አልያዙትም ነበር!"

"ብትወድቂ ኖሮ እገላገል ነበር!"

ሰሌዳው ብልጭ አለና 98 አለ።

"ቀልዳችሁ ደስ ሲል!" አለች ዶክተሯ።

ወይ ጉድ! ጆሮ ጨዋታን ከጠብ ትለያለች። የሚዋደዱ ሰዎች ሲሰዳደቡ ደስ ብሏቸው ነው ብላ ነጥብ ትጨምራለች። ሀሴት መፍቻ አንስታ ወለሉ ላይ ወረወረች፤ አዳራሹ ደወል እንደተመታ ጮኸ። 98። "የማትረቡ!" ብላ ጮኸች። "ሁለታችሁም የማትረቡ!" 98። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሦስት ሆነ። ኦብሴ ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆባት ግድግዳውን ተደገፈች። አሥራ ሁለት ዓመት ሲጣሉ የኖሩ ሰዎች መጣላት አቃታቸው።

ጋሽ ኪሩቤል ወለሉ ላይ የወደቀውን መፍቻ አንስተው በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ጩኸት አልነበረበትም።

"ኤፍራታ የሞተችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።"

ሀሴት ደነገጠች። ኤፍራታ ሚስታቸው ነበረች። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ስሟ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ችሎት የሥራ እንጂ የሆድ ነገር አያይም።

"ጋሼ..." አለች፤ ሦስቱ ሰከንድ ሳይሞላ። 95።

"ሁለት ሰዓት ላይ ነው የጠየቅኩሽ። 'ዛሬ አልሆነላትም፣ ልሂድ' አልኩሽ። ቤቴ በገደሉ መወጣጫ ግማሽ ሰዓት ነው። 'ሽፍቱን ይጨርሱ ጋሼ፣ ሁለት ሰው ብቻ ከቀረን ቁጥሩ ይወርዳል' አልሽኝ። ጨረስኩ። ስደርስ አልጋዋ ላይ ነጭ ጨርቅ ነበር።" መፍቻውን አሁንም ይጠርጋሉ። "ከሐዘን ስመለስ እዚህ በር ሥር አቁመሽኝ አመሰገንኩሽ። 'ሀሴትን አመሰግናለሁ፣ ስላጽናናችኝ' አልኩ። በገዛ አፌ! ያን ቀን ያልተፋሁት ምራቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።"

88። 79። ቁጥሩ መውረድ ጀምሯል፤ ሀሴት ግን ቁጥሩን አላየችም። ፊቷ ነደደ፤ አፏም ከልቧ ቀደመ።

"እኔ ነኝ የገደልኳት? እግር አልነበረህም? ማን አሰረህ? ሚስቱ እያጣጣረች ከአለቃው ፈቃድ የሚለምን ወንድ!"

አንተ ብላቸው አታውቅም ነበር። ኦብሴ "ኧረ እትዬ ሀሴት!" ብላ አፏን ያዘች። 60። 51። ጋሽ ኪሩቤል መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "እውነትሽን ነው" አሉ። "ፈሪ ነበርኩ። ይህንኑ በየማታው ለራሴ እነግረዋለሁ።"

47። እዚያ ላይ ቆመ። ሰውየው ጥፋቱን አምኗልና ጆሮ ዕርቅ መስሏታል። 48 አለ።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ከማንሻ አራት በላይ፣ አዲሱ ቧንቧ ሥር፣ አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ቦታዋን ይዛለች።

ሀሴት አንድ ነገር ቀርቷታል። ሦስት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው ነገር። ለንስሐ አባቷ እንኳ ያልተናገረችው። ከተናገረችው እኚህ ሰው ዳግም ዓይኗን እንደማያዩ ታውቃለች፤ ካልተናገረችው ደግሞ ስምንት ደቂቃ ነው የቀረው።

"ጋሼ" አለች። "አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደውሎ ነበር።"

"የምን ስልክ?"

"ከቤትዎ። ጎረቤትዎ ናት የደወለችው። 'ኤፍራታ እየጠራችው ነው፣ ቶሎ ይምጣ' አለች። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሽማግሌው ጋ ነበሩ። ልጠራዎት ተነሳሁ፤ ሰሌዳውን አየሁት፤ ዘጠና አምስት ላይ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሽፍቱ ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።" ድምፅዋ ተሰባበረ። "ይደርሱባት ነበር። በሕይወት ይደርሱባት ነበር።"

ጋሽ ኪሩቤል አልጮኹም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ወጣቸው፤ ሰው በሞተበት ቤት እንጂ ሌላ ቦታ የማይሰማ። ኦብሴ ልትይዛቸው ሄደች፤ ገፈተሯት። ሀሴት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማንም ማንንም አላጽናናም።

41። 38።

ፓምፖቹ ቆሙ። መጀመሪያ ሦስቱ አዲሶቹ፣ ከዚያ እያቃሰተ ሽማግሌው። አዳራሹ ውስጥ የጋሽ ኪሩቤል ለቅሶ ብቻ ቀረ። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ነበር።

ዶክተር ኤልሻዳይ ቆማለች፤ እጇ ላይ የነበረው ጽሑፍ ወለሉ ላይ ተበትኗል። በኋላ ወደ ኦብሴ ቀርባ በሹክሹክታ ጠየቀች። "በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ የነበረው ጩኸት... የማሽን አልነበረም?"

"አልነበረም ዶክተር። የኛ ነበር። ምንም ነገር ሳንጨቃጨቅበት ሠርተን አናውቅም።"

"እኛ እኮ ጣልነው" አለች ዶክተሯ። "ለአራቱም ጣቢያዎች እሱን ጥለን ቀሪውን አስተማርናቸው።" ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልክ መጣ። ሀሴት ለማንሳት ፈርታ ነበር።

"እማ!" ዘርፌ እያለቀሰች ነው። "አልተከፈተም። ውሃው ሲቆም እየዞርን በእጅ ስናይ፣ ሦስት ሰው ሆነን ታግለነው ፍንክች አላለም። ውስጡ ተጣብቋል። እኔ እኮ አጠገቡ ነበርኩ! ክንዴን ደግፌበት ነበር!"

"አለቃችሁስ ምን አለ?"

"'አውቄ ነበር፣ ማንም ሲናገር ስላልሰማሁ የኔ ፍርሃት መሰለኝ' አለ። እማ፣ ጮህኩበት። በሰው ፊት ጮህኩበት። ቁጥራችን ሰማንያ አንድ ወረደ።"

"ደግ አደረግሽ" አለች ሀሴት። "ደግ አደረግሽ ልጄ።"

ትዕዛዙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፤ በማለስለሻው ያለፈ ነው። "ውድ የማንሻ ሁለት ባልደረቦች፣ ስላገለገላችሁ ከልብ እናመሰግናለን። አዳዲስ ባልደረቦችን የማወቅ ዕድል አግኝታችኋል።" ኦብሴ ወደ ማንሻ አምስት። ሀሴት ወደ ማንሻ አንድ፣ ተራ ሠራተኛ ሆና። ጋሽ ኪሩቤል ወደ ማንሻ አራት።

ማጓጓዣው አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። መጀመሪያ የሚወጡት ጋሽ ኪሩቤል ናቸው። የመሣሪያ ሳጥናቸውን ተሸክመው በሩ ሥር አለፉ፤ ሰሌዳው ጠፍቷል። ሀሴት ከውጭ ቆማ ስትጠብቃቸው ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም ጋሼ" አለች።

"አትበዪ" አሉ ሳያዩዋት። "ይቅርም አላልኩሽም። እልሽ እንደሆነም አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

ሳጥናቸውን ጫኑ። አንድ እግራቸውን ማጓጓዣው ላይ አድርገው ቆሙ። ጀርባቸውን ነው የሰጧት።

"ልጅሽ ማንሻ አራት ናት አይደል?"

"አዎ።"

"የሚጮህ ፓምፕ አላቸው?"

ሀሴት ቶሎ አልገባትም። "የላቸውም። አራቱም አዲስ ነው። ጭጭ ያለ አዳራሽ ነው የሚሉት።"

ጋሽ ኪሩቤል ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሌላውን እግራቸውን አነሱና ገብተው ተቀመጡ።

"እንግዲህ አንዱን አበላሸዋለሁ" አሉ፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።